የዓሹራ ጾምና የመድኃኒት ሰዓት፦ ከዘጠነኛው ሌሊት በፊት እንጠያየቅ



ሙሐረም የሂጅራ ዓመት የመጀመሪያው ወር ነው። አላህ (ሱ.ወ) ካከበራቸው አራት ወራትም አንዱ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከረመዷን ቀጥሎ በላጩ ጾም የዚህ ወር ጾም መሆኑን ነግረውናል። አሥረኛው ቀን ዓሹራ፣ አላህ ሙሳን (ዐ.ሰ) ከፊርዐውን ያዳነበት ቀን ነው። እርሱን መጾም ያለፈውን ዓመት ወንጀል እንደሚያስምር በሐዲስ ተረጋግጧል። ዘጠነኛውንም አብሮ መጾም የተወደደ ነው።

ስለ ዓሹራ ትሩፋት ኢማሞቻችን በኹጥባው በሰፊው ያስረዱናል። ይህ የጤና ዓምድ ነውና እኔ የማነሳው ሌላ ጉዳይ ነው። በየቤታችን መድኃኒት በየቀኑ የሚውጡ እናቶችና አባቶች አሉ። ዓሹራ ሲደርስ ክኒናቸውን ምን ያደርጉታል?

ረመዷን ሲመጣ ወሬው ከሻዕባን ይጀምራል። ሐኪሙ ይናገራል፤ ሬድዮው ይናገራል፤ ብዙ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን የመድኃኒት ሰዓታቸውን አስቀድመው ያስተካክላሉ። የዓሹራ ጾም ግን ብዙ ጊዜ ድንገት ይደርሳል። ሰው ሐሙስ ማታ «ነገ ዘጠነኛው ቀን ነው» ሲባል ይሰማና በሰሁር ሰዓት እንቅልፍ በዓይኑ ሳለ በራሱ ይወስናል። አንዱ ክኒኑን ይተወዋል፤ ሌላው የጠዋቱንና የማታውን አንድ ላይ ይውጠዋል፤ ሌላዋ ደግሞ እንደወትሮዋ ውጣ ቀኑን ሙሉ ሳትበላ ትውላለች። ሦስቱም ለአላህ ብለው ነው ያደረጉት፤ ሦስቱም ግን ራሳቸውን ለአደጋ አጋልጠዋል። ጾሙ ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ «ምን ያመጣል?» ማለት ስህተት ነው። ለስኳር ሕመምተኛ አንድ ቀንም ይበቃል።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ግሊቤንክላማይድ የተባለው የስኳር ክኒን በላችሁም አልበላችሁም የደም ስኳርን ያወርዳል። ኢንሱሊንም እንዲሁ ነው። እነዚህን ወስዶ ከ13 ሰዓት በላይ ምግብ ሳይቀምሱ መዋል ስኳሩን ከመጠን በታች ሊጥለው ይችላል። ምልክቶቹ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ኃይለኛ ረሃብ፣ ከዚያም ግራ መጋባት ናቸው። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ይህን ያህል አያሰጋም። ስለዚህ «ጎረቤቴ ስኳር አለባት፤ ክኒን እየዋጠችም ትጾማለች» ማለት ለእናንተ ማስረጃ አይሆንም። የእርሷ ክኒን የእናንተ ላይሆን ይችላል።

ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ውሃን በሽንት ያስወጣል። በሰሁር ከተወሰደ ቀኑን በጥምና በማዞር ያሳልፋሉ። አምሎዲፒንን የመሰለ በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ግን በአብዛኛው ወደ ማታ ለማዛወር አይከብድም። በየ8 ሰዓቱ የሚወሰድ እንደ አሞክሳሲሊን ያለ መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ ሒሳቡን ይይ፤ ከመግሪብ እስከ ፈጅር ያለው ጊዜ 11 ሰዓት አይሞላም። በዚያ ውስጥ ሦስት ጊዜ መዋጥ በየ8 ሰዓቱ መዋጥ አይደለም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒት መዝለሉ ብቻ ሳይሆን ለሰሁር ሲነሳ እንቅልፍ ማጣቱም ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ ያለ ሰውም አንድም ቀን ማቋረጥ የለበትም። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉትን የሕመም ማስታገሻዎች በባዶ ሆድ መውሰድ ደግሞ ጨጓራን ይጎዳል።

«ጾም ራሱ መድኃኒት ነው፤ በአላህ ላይ ተወኩል ማድረግ ይበቃል» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ተወኩል ኢማናችን ነው። ይሁንና ሕክምና እንድንፈልግ ያዘዙን ራሳቸው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 185 እንደተደነገገው አላህ ለበሽተኛ ግዴታ የሆነውን የረመዷንን ጾም እንኳ በሌላ ቀናት እንዲተካ አግርቶለታል። ግዴታው ከተገራ ሱናውማ እንዴት በራሳችን ላይ እናከብደዋለን? ሰው በጤናው ጊዜ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራም ሕመም ሲከለክለው እንደሚጻፍለት በሐዲስ መጥቷል። ዓሹራን መጾም ልማዷ የነበረች እናት ዘንድሮ ሐኪም ቢከለክላት ከአጅሩ የራቀች አይምሰላት። ሌላም በር አላት፤ ጾመኛን ያስፈጠረ የጾመኛውን ያህል አጅር ያገኛልና ለጎረቤቶቿ ቴምርና ሾርባ ታዘጋጅ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጨረቃ ታይታ ሙሐረም ሲገባ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ከረጢት ሰብስባችሁ ወደምትከታተሉበት ሐኪም ወይም ወደ ፋርማሲ ይዛችሁ ሂዱ። «ዘጠነኛውንና አሥረኛውን ቀን መጾም እፈልጋለሁ፤ ይቻለኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚቻል ከሆነ የትኛው በሰሁር፣ የትኛው በኢፍጧር እንደሚወሰድ አስጽፉ። መጠኑን ግን በራሳችሁ አትቀንሱ፤ አትደርቡም። በዚያው የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበትን አስለዩ፤ የደም ግፊታችሁንም ተለኩ።

ሁለተኛ፣ የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ የተፈቀደላችሁ ከሆነ ቀን ላይም ስኳራችሁን ተለኩ። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ጅዳ ላይ ባካሄደው ጉባኤ ለምርመራ ደም መስጠት ጾምን እንደማያበላሽ ወስኗል። ውጤቱ ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ፣ ወይም ምልክቶቹ ከታዩ፣ መግሪብን አትጠብቁ፤ ወዲያው አፍጥሩ። ስኳሩ ከወረደ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት። በሕመም ምክንያት ሱና ጾምን ማፍረስ ወንጀል የለበትም። ቀዷ በማውጣት ላይ መዝሀቦች ስለሚለያዩ ኢማማችሁን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ሰሁርን አትዝለሉ፤ ወደ መጨረሻው ሰዓትም አቆዩት። ቅንጨ፣ ፉል፣ እንቁላል፣ ሽሮ በእንጀራ ቀኑን ያስኬዳሉ። ጨው የበዛበትን ምግብና ቡናን ቀንሱ። በኢፍጧር በቴምርና በውሃ ጀምሩ። ሳምቡሳና ጣፋጭ መደራረብ የዋለውን ሆድ ያስጨንቃል፤ የስኳር ሕመምተኛውን ደግሞ ከሌላው ጫፍ ይጥለዋል።

የመስጂድ ኮሚቴዎችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ከሙሐረም 1 እስከ 8 ባሉት ቀናት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጁሙዓ አለ። በዚያ ጁሙዓ የዓሹራ ትሩፋት ሲነገር «መድኃኒት የምትወስዱ ከመጾማችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር። በየጀመዓው ነርስ፣ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አይጠፋም። ከዐስር ሶላት በኋላ ለአንድ ሰዓት ቁጭ ብለው የሰውን ጥያቄ ቢመልሱ ወጪ የለውም። በሴቶች በኩልም እንዲሁ ይደረግ፤ እናቶቻችን ለወንድ የማይነግሩት ብዙ ነገር አለና።

ልጆችም ብትሆኑ እናታችሁን በቁጣ «አትጹሚ!» አትበሏት። በዚህ መንገድ የተከለከለች እናት ተደብቃ ትጾማለች፤ ሲያማትም ትደብቃለች። ይልቅ ከረጢቷን ይዛችሁላት አብራችኋት ሂዱ። መልሱን ከባለሙያው አፍ ትስማው።

ሰውነታችን በእኛ ላይ ሐቅ አለው፤ ከአላህ የተሰጠን አማናም ነው። አዲሱን ዓመት አማናችንን በመጠበቅ እንጀምረው። አላህ (ሱ.ወ) ጾማችንን ይቀበለን፤ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ ዓፊያውን ያብዛልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።