ትርፉ ከማዕድኑ ሳይሆን ከእቶኑ ነው

አዲስ ዕቃ መጣ ሲባል ነጋዴ በቅድሚያ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ «ከየት ይገኛል?» እና «ኪሎው ስንት ነው?»። ለቡናው፣ ለሰሊጡና ለወርቁ ይህ አጠያየቅ ትክክል ነው። የነገውን ቺፕ ይሸከማሉ ተብለው ተስፋ ለተጣለባቸው፣ ውፍረታቸው 3 አቶም ብቻ ለሆነው ሴሚኮንዳክተሮች ግን ሁለቱም ጥያቄዎች ባለገንዘቡን ወደተሳሳተ በር ይመሩታል። ምክንያቱም ትርፉ ያለው በማዕድኑ ሳይሆን በአበቃቀሉ ላይ ነው።

እንደሚታወቀው ቺፕ ማለት ትራንዚስተር የሚባሉ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያዎች ክምችት ነው። ሲሊከን ከጥቂት ናኖሜትር በታች ሲሳሳ ኤሌክትሪኩ በደንብ አይሄድም፤ ትራንዚስተሩ በጣም ሲያጥር ደግሞ ሲጠፋም ኤሌክትሪክ ያፈስሳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች በተፈጥሮው ስስ የሆነ ነገር ፍለጋ ገቡ። እ.ኤ.አ በ2004 በእንግሊዝ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ከግራፋይት ላይ በማጣበቂያ ፕላስተር የ1 አቶም ውፍረት ያለውን ግራፊን ላጡ፤ በ2010ም የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ይሁን እንጂ ግራፊን ኤሌክትሪክ ማሳለፍ እንጂ ማቆም አይሆንለትም። በ2011 በስዊዘርላንድ ሎዛን የአንድራስ ኪስ ቡድን ከሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ አንድ ንብርብር ትራንዚስተር ሠራ። ውፍረቱ 0.65 ናኖሜትር ሲሆን፣ ሲበራ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ከሚያፈስሰው 100 ሚሊዮን ጊዜ ይበልጣል። ይህ ዕቃ ለመለዋወጫ ነጋዴዎቻችን እንግዳ አይደለም፤ በመኪና ግሪስ ውስጥ የሚገባው ጥቁር ዱቄት ራሱ ነው።

እንግዲህ ዜናውን የሰማ ሰው «ሞሊብዲነም ልግዛ» ቢል አይፈረድበትም። ሂሳቡን ግን እንሥራው። ቺፕ የሚሠራበትን የ300 ሚሊሜትር ክብ የሲሊከን ዝርግ በአንድ ንብርብር ለመሸፈን የሚበቃው ሞሊብዲነም 0.13 ሚሊግራም ያህል ነው። በዚህ ስሌት 1 ኪሎ ከ7 ሚሊዮን በላይ ዝርግ ይሸፍናል። በእቶኑ ውስጥ ከሺህ አንዱ እጅ ብቻ ተጠቅሞ ቀሪው በጭስ ማውጫ ቢባክን እንኳ 1 ኪሎ ለ7 ሺህ ዝርግ ይበቃል። የዓለም ማዕድን ማውጫዎች በዓመት የሚያመርቱት ሞሊብዲነም 250 ሺህ ቶን ገደማ ሲሆን አብዛኛው የሚሄደው ወደ ብረታ ብረት ፋብሪካ ነው። ስለሆነም የሞሊብዲነምን ዋጋ የሚያወጣውም የሚያወርደውም ብረት እንጂ ቺፕ አይሆንም።

ታዲያ ወጪውም ትርፉም የት ነው? በማብቀሉ ላይ ነው። ሞሊብዲነም የያዘና ሰልፈር የያዘ ጋዝ ወደ እቶን ይገባሉ፤ በዝርጉ ላይ እዚህም እዚያም ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ይበቅሉና እየሰፉ ይጋጠማሉ። አቅጣጫቸው ካልተስማማ መጋጠሚያው ላይ ስፌት ይቀራል፤ ኤሌክትሪኩም እዚያ ላይ ይደናቀፋል። ሊጥ በምጣድ ላይ ሲፈስ አንድ ቦታ ሳስቶ ሌላ ቦታ ቢወፍር እንጀራው እንደማያምር ሁሉ፣ እዚህም አንድ ትርፍ ንብርብር ሥራውን ያበላሻል።

በ2015 በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ550 ዲግሪ ሙቀት ባለ 4 ኢንች ዝርግ ሙሉውን ሸፈነ። በላዩ ከተሠሩት 8 ሺህ ገደማ ትራንዚስተሮች 99 በመቶው ሠሩ። ነገር ግን አንዱን ንብርብር ለማብቀል 26 ሰዓት ፈጀ። በተጨማሪም የተጠናቀቀ የሲሊከን ቺፕ ከ400 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ መበላሸት ይጀምራል። በ2023 የኤም.አይ.ቲ ተመራማሪዎች እቶኑን ሞቃትና ቀዝቃዛ ብለው ለሁለት ከፈሉት፤ ሰልፈሩ በሞቃቱ ክፍል ሲፈርስ ዝርጉ ከ300 ዲግሪ በታች በሆነው ክፍል ይቆያል። ባለ 8 ኢንች ዝርግ ከ1 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተሸፈነ። የሁለቱ ቤተ ሙከራዎች ሥራ በሁሉም ነገር የሚነጻጸር ባይሆንም፣ ባለገንዘብ ሊከታተል የሚገባው ቁጥር ይህ ከ26 ወደ 1 የወረደው ሰዓት ነው።

ከዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አለን። በ2025 የቻይናው ፉዳን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በዚሁ ዕቃ ወደ 5,900 ትራንዚስተሮች ያሉት ፕሮሰሰር አሳየ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ25 ኪሎሄርትዝ የሚሠራ ኮምፒውተር አሳዩ። ኢንቴል በ1971 ያወጣው የመጀመሪያ ፕሮሰሰር በ740 ኪሎሄርትዝ ይሠራ ነበር፤ የኤንቪዲያው ኤች 100 ደግሞ 80 ቢሊዮን ትራንዚስተር ይዟል። የቤልጂጉ የምርምር ማዕከል አይሜክ ባወጣው የጉዞ ካርታም ስስ ዕቃዎቹ የሚገቡት ከ2030ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ስም ብቻ አክሲዮን የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ተስፋ ነው። የግራፊንን ጊዜ ማስታወስ ይበቃል፤ አፕላይድ ግራፊን ማቴሪያልስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2013 ለንደን ገበያ በሆታ ገብቶ በ2023 በአስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ። ዕቃው አልጠፋም፤ ገበያው ግን በታሰበው ፍጥነት አልመጣም።

ይህን መንገድ በርቀት መከታተል የሚፈልግ ሰው ለጋጋሪው ሁሉ ምጣድ የሚሸጠውን ቢያይ ይሻለዋል። ለምሳሌ የጀርመኑ አይክስትሮን እቶን ሠሪ ነው፤ የሚኖረውም ዛሬ ገበያ ባላቸው ሌሎች ሴሚኮንዳክተሮች ነው። ስሱ ዕቃ ቢዘገይ አይራብም፤ ቢመጣ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ያገኘዋል። ይህ ግዙ ማለት አይደለም፤ አመዛዘኑን ለማሳየት ነው።

ለኛም አገር ትምህርት አለው። የቀንጢቻ ታንታለም የኤሌክትሮኒክስ ካፓሲተር ይሠራበታል፤ እኛ ግን የሸጥነው ያልተጣራውን ማዕድን ነበር። በታንታለሙ ቢያንስ ማዕድኑ የራሱ ዋጋ ነበረው። በነዚህ ስስ ዕቃዎች ግን የማዕድኑ ድርሻ ከምንም አይቆጠርም፤ ዋጋ ያለው የእቶን ባለሙያው ነው። ለዩኒቨርሲቲ መማሪያ የሚሆን የኳርትዝ ቱቦ እቶን፣ ሰልፈርና የሞሊብዲነም ኦክሳይድ ዱቄት ከአቅም በላይ አይደሉም። ፋብሪካ ባናቆምም ባለሙያ ማሠልጠን እንችላለን።

እንግዲህ የደላላው ጥያቄ ይለወጥ። «ኪሎው ስንት ነው?» መባሉ ይቅርና «እቶኑ የማን ነው? ዝርጉ በስንት ሰዓት ይወጣል? ከመቶ ስንቱ ደህና ነው?» ይባል። ለሦስቱ በቁጥር መልስ የማይሰጥ ሻጭ ቢመጣ ገንዘባችንን በኪሳችን እናቆይ።