ከሰገነት የወደቀው ሰው፦ የስታዲየም ግንባታና የሠራተኞች ሞት



እሑድ ዲሴምበር 18 ቀን 2022 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አርጀንቲናና ፈረንሳይ በኳታር ሉሳይል ስታዲየም ለዓለም ዋንጫ ሲፋለሙ፣ በእኛም በደብረ ሲና ወጣቱ ዲኤስቲቪ ባለበት ቤት ሁሉ ታጭቆ ይመለከት ነበር። ጨዋታው ድንቅ እንደነበረ አልክድም። ያንን ስታዲየም ስለ ሠሩት ሰዎች ግን በመድረኮቻችን ላይ እምብዛም አልተነገረም። አሁን የማነሣው ያለፈውን ለመቀስቀስ ብዬ አይደለም፤ ቀጣዩ ግንባታ ስለ ተጀመረ ነው። የሚሠራውም ልጆቻችን በብዛት በሚሄዱበት አገር ነው።

ኳታር ውድድሩን የማዘጋጀት ዕድል ያገኘችው በዲሴምበር 2010 ነበር። ከስምንቱ ስታዲየሞች ሰባቱ አዲስ የተሠሩ ናቸው። በዚያ ላይ የምድር ባቡሩ፣ መንገዱና ሆቴሉ አለ። ጉልበቱ የመጣው በአብዛኛው ከኔፓል፣ ከህንድ፣ ከባንግላዴሽና ከመሰሎቻቸው አገሮች ነው። ታዲያ ስንት ሰው ሞተ? መልሱ በጠያቂውና በሚጠየቀው ይለያያል። አዘጋጅ ኮሚቴው በስታዲየሞቹ ሥራ ምክንያት የሞቱት 3 ብቻ እንደሆኑና ሌሎች 37 ሠራተኞች “ከሥራ ጋር ባልተያያዘ” ምክንያት እንደ ሞቱ ገለጸ። በኖቬምበር 2022 የኮሚቴው ዋና ጸሐፊ በቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ሲጠየቁ ቁጥሩን ከ400 እስከ 500 አደረሱት። ኮሚቴው በኋላ፣ ይህ ከ2014 እስከ 2020 በመላ አገሪቱ በሥራ ላይ የሞቱትን 414 ሰዎች የሚመለከት ነው አለ። የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2021 ከአምስት የእስያ አገሮች ሄደው በአሥር ዓመት ውስጥ ኳታር የሞቱ ከ6,500 በላይ ሰዎችን ቆጥሯል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 6,500 ሰው ስታዲየም ሲሠራ ሞተ እየተባለ በየቦታው ይነገራል፤ ጋዜጣው ግን እንዲህ አላለም። በየትኛውም ሥራ ላይ የነበሩትን፣ በማናቸውም ምክንያት የሞቱትን አንድ ላይ ነው የቆጠረው። ስለ እውነት የምንናገር ሰዎች በተጋነነ ቁጥር እውነትን መርዳት አንችልም። ደግሞም ከአምስቱ አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። አፍሪካውያኑ በዚያ ቆጠራ አልተነኩም።

እኔን የከነከነኝ ከቁጥሩ ይልቅ የሞቱ ምክንያት ተብሎ የተጻፈው ነው። ጋርዲያን ባየው መዝገብ ከህንድ፣ ከኔፓልና ከባንግላዴሽ ከሄዱት ሟቾች 69 በመቶ የሚሆኑት “የተፈጥሮ ሞት” ተብለው ተመዝግበዋል። ቀን በዚያ ሐሩር ብረት ሲሸከም የዋለ የሃያ አምስትና የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ማታ ይተኛል፤ ጠዋት አይነሣም። ወረቀቱ “ልቡ ቆመ” ይላል። የማን ልብ ሳይቆም ሞቶ ያውቃል? በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ከ2009 እስከ 2017 በልብ ሕመም ሞቱ ከተባሉት 571 የኔፓል ሠራተኞች መካከል፣ ከሙቀት መከላከያ ቢደረግላቸው ኖሮ እስከ 200 የሚደርሱት ሊተርፉ ይችሉ እንደነበረ ገምቷል። ኳታር በ2021 በበጋው ወራት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ከቤት ውጭ መሥራትን መከልከሏ መልካም ነበር፤ ዕድሉን ካገኘች ግን ዐሥር ዓመት አልፏት ነበር። “የተፈጥሮ ሞት” የሚለው ቃል ደግሞ ሌላም ሥራ ይሠራል፤ ሞቱ ከሥራው ጋር አልተያያዘም ከተባለ ቀጣሪው ካሳ አይከፍልም። መበለቲቱ የምትቀበለው ሣጥኑን ብቻ ይሆናል።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 መጀመሪያ ላይ ብዙ የማንሰብክበት ሥርዓት አለ። ማን እንደ ገደለው ያልታወቀ ሰው በሜዳ ወድቆ ሲገኝ፣ ሽማግሌዎች ወጥተው በዙሪያው እስካሉት ከተሞች ያለውን ርቀት ይለካሉ፤ የቅርቢቱ ከተማ ሽማግሌዎችም በእግዚአብሔር ፊት ቀርበው ስለዚያ ደም ይናገራሉ። እርግጥ ክፍሉ የሚናገረው ስለ ተገደለ ሰው ነው። ቢሆንም ሬሳ ተገኝቶ ማንም ሳይጠየቅ ዝም ብሎ መቅበር በሕጉ አልተፈቀደም። በሚቀጥለው ምዕራፍ ቁጥር 8 ላይ ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለሰገነቱ ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ አለዚያ ከዚያ የሚወድቀው ሰው ደም በቤቱ ላይ ይሆናል። ሕጉ የወደቀው ሰው ተጠንቅቆ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው፤ ያውም ሰው ከመውደቁ በፊት።

አሁን ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ እንምጣ። ፊፋ በዲሴምበር 11 ቀን 2024 የ2034ን የዓለም ዋንጫ ለሳዑዲ ሰጠ። ዕቅዱ 15 ስታዲየሞችን ይዟል፤ ከነዚህ 11ዱ አዲስ የሚገነቡ ናቸው። ገና ከመጀመሪያው፣ በማርች 2025፣ በአል ኾባር በሚሠራው ስታዲየም አንድ ፓኪስታናዊ ሠራተኛ ከከፍታ ወድቆ ሞተ። በዚያው ዓመት ሂዩማን ራይትስ ዎች፣ በሳዑዲ የብዙ ስደተኛ ሠራተኞች ሞት በቂ ምርመራ ሳይደረግበት “የተፈጥሮ” ተብሎ እንደሚመዘገብ አሳወቀ። ያው የኳታሩ ቃል ነው።

የእኛ ሰዎች በሳዑዲ ስንት ናቸው? ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ወደ 750 ሺህ ገምቷቸው ነበር፤ ብዙዎቹም ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸው ናቸው። ከጣርማ በር ዋሻ ወርዶ በደብረ ሲና የሚያልፈው መንገድ በሸዋ ሮቢት አድርጎ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም በሚሌ ጅቡቲ ያደርሳል። ቆሎ ሻጮቻችን ወደ አውቶቡሱ መስኮት ሲሮጡ፣ በውስጡ ከተቀመጡት ወጣቶች አንዳንዱ መድረሻው ደሴ እንዳልሆነ እናውቃለን። ባሕር ተሻግሮ፣ የመንን አቋርጦ፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች በኦገስት 2023 እንደ ዘገበው የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን በገደሉበት ድንበር ያልፋል። ከተረፈ የቀን ሥራ ያገኛል። ውል የለው፣ መድን የለው። ከግንብ ቢወድቅ በየትኛው መዝገብ ይጻፋል?

መንግሥት በ2013 ወደ ዐረብ አገር ለሥራ መሄድን ከልክሎ በ2018 አነሣ። በእገዳው ዘመን ሰው መሄዱን አልተወም፤ ደላላው ብቻ ነው የከበረው። ስለዚህ “አትሂዱ” ብሎ ከመድረክ መገሠጽ ብቻውን የሚበቃ አይመስለኝም። እርሻው ጠብቦት፣ በጦርነቱም ቀዬው የተናጋበት ወጣት ለስብከታችን አይቀርም።

ደግሞ ሩቁን ብቻ አንይ። የጸሎት ቤት ስንሠራ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ያለ ቆብና ያለ መታጠቂያ የሚንጠለጠለው የቀን ሠራተኛ የማን ነው? የሕንፃ ኮሚቴዎቻችን ስለ ሲሚንቶና ስለ ቆርቆሮ ዋጋ ሰዓታት ይሰበሰባሉ። ሰውየው ቢወድቅ ማን እንደሚያሳክመው የተነጋገረ ኮሚቴ ብዙ አላየሁም። አሠሪ ለሠራተኛው ደኅንነት ኃላፊ መሆኑን የአገራችንም ሕግ ይናገራል፤ “ቤተ ክርስቲያን ናት” ተብሎ የሚቀር ነገር የለም።

ልጁ የሚሄድ ወላጅ የኤጀንሲውን ፈቃድ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ያረጋግጥ፤ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ሲጎዳ ማን እንደሚያሳክም፣ ቢሞት መድኑ ለማን እንደሚከፈል በውሉ ላይ ያንብብ። ማንበብ የማይችል ወላጅ ካለ የወጣቶች ኅብረታችን ያንብብለት። እግዚአብሔር አያምጣውና መርዶ ከመጣ፣ ድንኳን ከመትከል ጎን ለጎን በሪያድ ኤምባሲ ወይም በጅዳ ቆንስላ በኩል የሐኪም ምርመራ፣ የፖሊስ ሪፖርትና ያልተከፈለው ደመወዝ ይጠየቅ። ሬሳው ሳይመረመር ከተቀበረ በኋላ ስለ ካሳ መከራከር እጅግ ከባድ ነው። የውሉ ቅጂ፣ የፓስፖርቱ ፎቶ ኮፒና የአሠሪው ስልክ ልጁ ሳይሄድ በእናቱ ሣጥን ውስጥ ይቀመጡ።