የመጀመሪያው ዝናብ ሁሉ የዘር ዝናብ አይደለም

በራያ ቆቦ ቆላማ ቀበሌዎች የሚያዝያ ዝናብ ጠብ ሲል ማሽላ አምራቹ አጣብቂኝ ውስጥ ይገባል። ካልዘራ፣ ዘግይቶ የሚደርሰው የአካባቢው ማሽላ ፍሬው ሳይሞላ ክረምቱ ይወጣበታል። ቸኩሎ ከዘራ ደግሞ ቡቃያው በግንቦት ደረቅ ቀናት ሊጠወልግ ይችላል፤ ዘሩም ድካሙም ይባክናል።

በሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎች ዘንድ በተለምዶ ዝናብ ገባ የሚባለው በሦስት ተከታታይ ቀናት 20 ሚሊ ሜትር ያህል ሲዘንብና በቀጣዮቹ 30 ቀናት ረጅም ደረቅ ጊዜ ሳይከተል ሲቀር ነው። 20 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 20 ሊትር ውኃ ነው። አርሶ አደሩ የወረደውን ዝናብ ማሳውን ቆፍሮ፣ እርጥበቱ የት እንደደረሰ አይቶ ሊመዝን ይችላል። የሚቀጥለውን ግን ያለ ትንበያ ማወቅ ይቸግረዋል።

ስለዚህ የአሥር ቀናት ትንበያ ወረዳ ላይ ከቀረ ፋይዳ የለውም፤ ከዘር በፊት ቀበሌ መድረስ አለበት። አርሶ አደሩም ማሳውን ሁሉ በአንድ ዝናብ ባይዘራ ጉዳቱን ይቀንሳል። ቡቃያው ቢከስም ለድጋሚ ዘር የሚሆን ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ቀድሞ መዘጋጀት ይኖርበታል። ክረምቱ ከገፋ በኋላ የሚመጣ ዘር ለዘንድሮ አይደርስም።