ሳህን ላይ የሞተ ዕጢ

የካንሰር ሕክምና ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚወደስ አንድ ቪዲዮ አለ። ከታማሚ የተወሰደ የዕጢ ቁራጭ ላቦራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ አድጎ ኦርጋኖይድ የሚባል ትንሽ ዕጢ ይሆናል። መድኃኒት ይጨመርበታል፤ ማይክሮስኮፑ ሌት ተቀን ይቀርጸዋል። ሴሎቹ ሲኮማተሩና ሲፈራርሱ ያየ ሁሉ «መድኃኒቱ ሠራ!» ይላል። ይህ ድምዳሜ ችኩል ነው።

ዘዴው ከንቱ ነው አልልም። በ2018 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ፣ በሰውነት ውስጥ በተሰራጨ የአንጀትና የጨጓራ ካንሰር ላይ የተደረገ ጥናት፣ ኦርጋኖይዱ «አይሠራም» ያለው መድኃኒት ታማሚዎቹም ላይ አለመሥራቱን አሳይቷል። «ይሠራል» ካለው ግን የሰመረው 88 በመቶው ነው። ቪዲዮው ይበልጥ የሚታመነው ሲከለክል ነው፤ እኛ የምናጨበጭበው ግን ተስፋ ሲሰጠን ነው።

ደግሞም ሳህኑ ጉበት የለውም። ለጡት ካንሰር የሚታዘዘው ታሞክሲፈን ጉልበት የሚያገኘው በዋናነት ጉበት ውስጥ፣ ሲዋይፒ2ዲ6 በሚባል ኢንዛይም ሲለወጥ ነው። እነ እሌኒ አክሊሉ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ጂን ተደራርቦ ተገኝቶባቸዋል። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት የትኛው ካሜራ ይቀርጸዋል?

እስቲ ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ እንምጣ። ጀሞ ወይም ለቡ ካለ ክሊኒክ የወጣ የጡት ናሙና ፎርማሊን ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ብዙ ጊዜ አስታማሚው ራሱ በፌስታል አንጠልጥሎ የሜክሲኮ ታክሲ ይሰለፍና ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ያደርሰዋል። ለተለመደው ምርመራ ይህ ይበቃል። ፎርማሊን ግን ሴል ይገድላል፤ ከሞተ ሴል ኦርጋኖይድ አይወጣም። ለኦርጋኖይድ የሚሆን ናሙና በቀዝቃዛ ማቆያ ፈሳሽ ተይዞ ሳይውል ሳያድር መድረስ አለበት። የሚያድግበት ማትሪጄል የሚባለው ጄልም በረዶ ላይ ካልተያዘ ቶሎ ይረጋል። ማይክሮስኮፑን ገዝቶ ቅዝቃዜውን፣ መብራቱንና አመላላሹን ኋላ መፈለግ «ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» ነው።

ቅደም ተከተሉ ይስተካከል። መጀመሪያ እያንዳንዷ የጡት ካንሰር ታማሚ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ታግኝ፤ ታሞክሲፈን ይጠቅማት እንደሆነ የሚጠቁመው እሱ ነው፤ ሳይመረመሩ መድኃኒት የሚጀምሩ ዛሬም አሉ። ቀጥሎ ናሙና በሕይወት የሚደርስበት መንገድ ይዘርጋ። ኦርጋኖይድ የሚሠራም ከዕጢው ጋር የታማሚዋን ደም ወስዶ ኢንዛይሟን ይመርምር። ይህን ሳያደርግ ቪዲዮ ይዞ የሚመጣ ሰው ስለ ዕጢው እንጂ ስለ ታማሚዋ አልነገረንም።