በጆሮ የሚነበብ የንግድ ደብዳቤ

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ተራ ስልክ ብቻ የያዘ ነጋዴ፣ በኢሜይል የተላከለት የዕቃ መድረሻ ማስታወቂያ ሳይነበብ ሊሰነብትበት ይችላል፤ ዕቃው ግን በሞጆ ደረቅ ወደብ የመጋዘን ኪራይ ይቈጥራል። ደብዳቤውን ለማስነበብ የምስጢር ቃልን ለኢንተርኔት ቤት ልጅ አሳልፎ መስጠትም ሱቅን ክፍት ትቶ እንደ መሄድ ነው።

ይልቁንስ ኢሜይሉን ወደ ድምፅ ለውጦ በስልክ የሚያነብ አጭር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ማሠራት ይሻላል። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የ8028 መስመር የእርሻ ምክርን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ለገበሬው በተራ ስልክ አሰምቷል። ያ ድምፅ ግን አስቀድሞ በሰው የተቀዳ ነው፤ ኢሜይልን የሚያነበው መሣሪያ ነው፤ የአማርኛ ፊደል ደግሞ የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «አለ» ጠብቆ ሲነበብ ዕቃው መኖሩን፣ ላልቶ ሲነበብ ሰው መናገሩን ያስረዳል። ሰባትና ሰባም (ይህ ከሁሉ ይብሳል) በገበያ ጫጫታ መካከል ይመሳሰላሉ። ስለዚህ የገንዘቡ ልክ ሁለት ጊዜ ሳይነበብ፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክትም ሳይረጋገጥ ማንም ውል መግባት የለበትም።

ትራንዚተሮችም የመድረሻውን ቀንና የሂሳቡን ልክ በመጀመሪያው መሥመር ቢጽፉ፣ አድማጩ ረጅሙን ሰላምታ ሲጠባበቅ የስልክ ሂሳብ አይቈጥርበትም።