ስለ ታመመው ወርቃማ ዓሣ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ንጽሕና ስንጽፍላችሁ ቆይተናል። ዛሬ ግን በቤታችን ስለ ደረሰ አንድ ትንሽ ነገር እንጽፋለን፤ ይኸውም ርዝመቱ ከአንድ ጣት ስለማይበልጥ ዓሣ ነው።

ዓሣውን ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዳችን ውኃ በተሞላ ላስቲክ ይዞ ለትንሿ ልጃችን አበረከተላት። እርስዋም በክብ የብርጭቆ ዕቃ አድርጋ በመስኮት አጠገብ አኖረችው። ጧትና ማታ የዳቦ ፍርፋሪ እየጣለችለት ሦስት ሳምንት ያህል በደኅና ሰነበተ። በአራተኛው ሳምንት ውኃው ደፈረሰ፤ ዓሣውም አፉን ወደ ውኃው ገጽ አውጥቶ ያለከልክ ጀመር። እኛም ንጽሕና የጎደለው መስሎን ውኃውን በሙሉ ደፍተን፣ ዕቃውን በሳሙና አጥበን፣ ከቧንቧ የተቀዳ አዲስ ውኃ ሞላንበት። በማግሥቱ በጎኑ ተንጋዶ አገኘነው።

የልጅቱን ልቅሶ የሰሙ አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን ገብተው፣ «መምህር፣ በዚህች ከተማ ለሰው መድኃኒት የጠፋበትን ዘመን አይተን ዛሬ ለዓሣ ይለቀሳል?» አሉን። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መቀሌ መብራትም፣ ባንክም፣ መድኃኒትም አጥታ እንደ ነበረ የሚረሳ የለም። እርሳቸውም በዚያን ጊዜ የስኳር ሕመምተኛ ወንድማቸውን ቀብረዋል። ስለዚህ ለመመለስ አፍረን ዝም አልን። ልጅቱ ግን ገና ሰባት ዓመትዋ ነው፤ በእጅዋ የተሰጣት የመጀመሪያው ነፍስ ያለው ፍጥረት ይህ ነበር። በዕቃ ዘግተን ያኖርነው እኛ ነንና ሲሞት ቆመን ማየት አልቻልንም፤ ምክንያቱንም መመርመር ጀመርን።

ወርቃማ ዓሣ ዘሩ ከቻይና ነው። ቻይናውያን ከ1,000 ዓመት በፊት ጀምረው ቀዩንና ቢጫውን እየመረጡ በኩሬ ያረቡት ነበር፤ ወደ አውሮፓ የደረሰው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። በዝዋይ ሐይቅ ለሚጠመደው ካርፕ ለሚባለው ዓሣ የቅርብ ዘመድ ነው። ብዙ ሰው ዕድሜው የጥቂት ወራት ይመስለዋል፤ ነገር ግን በደኅና ከተያዘ ከ10 እስከ 20 ዓመት ይኖራል። በእንግሊዝ አገር ቲሽ የተባለ አንድ ዓሣ 43 ዓመት ኖሮ በ1999 እ.ኤ.አ. ሞቷል። እንግዲህ የእኛን ዓሣ በአንድ ወር ለሞት ያደረሰው ዕድሜው ሳይሆን አያያዛችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣው በስንጥቡ ከሚያስወጣው፣ ከኩሱና ሳይበላ ከቀረው ፍርፋሪ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህንንም በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አስቀድመው ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ረቂቃን ሠራተኞች በጠጠሩና በዕቃው ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ስለሚኖሩ፣ ዕቃውን በሳሙና ስናጥብ እኛው ጠርገን አወጣናቸው። በዚያ ላይ የቧንቧው ክሎሪን ተጨመረበት። ክሎሪን ለሰው ውኃን ያነጻል፤ የዓሣን ስንጥብ ግን ያቃጥላል። ውኃ አጋር የተጨመረበትም ውኃ እንዲሁ ነው።

ሁለት ነገሮች ደግሞ የአገራችን ጠባይ ናቸው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች፣ ውኃዋ የሚይዘው ኦክሲጅን በባሕር ዳር ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። የከርሰ ምድር ውኃችንም በኖራ ድንጋይ መካከል የሚያልፍ ነው፤ ማንቆርቆሪያችንን ነጭ ቅርፊት የሚያለብሰው ይኸው ነው። ይህ ለዓሣው አይከፋም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ውኃ ወደ አልካላይን የሚያዘነብል ስለ ሆነ የአሞኒያው መርዝነት በውስጡ ይበረታል።

ከዚህ በኋላ ዓሣውን ወደ ሰፊ ሳፋ አዛወርነው፤ አፉ ጠባብ ከሆነ ዕቃ ይልቅ በሰፊ ዕቃ አየር በብዛት ይገባልና። ክሎሪኑ እንዲወጣ ውኃውን አፉ በተከፈተ ባልዲ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት እያሳደርን፣ በየቀኑ ሩቡን ብቻ ለወጥን። ለ10 ሊትር ውኃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተን ጨመርን፤ ጨው የናይትራይትን ጉዳት ያስታግሳል። ግመሎች ከአፋር ያመጡት የነበረውን አሞሌ ጠርበን ልንጨምር አስበን ነበር፤ አፈርና ሌላ ማዕድን እንዳይኖርበት ፈርተን ተውነው። ጨው እንደ ውኃው ስለማይተን፣ በተቀዳው ልክ ብቻ እንጂ በየቀኑ ሙሉውን መጨመር አይገባም። አየር የሚነፋ ትንሽ ሞተር ተውሰን ነበር፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ግን ውኃውን በጣሳ እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን አፈሰስነው። ልጅቱ ይህን ሥራ ለማንም አልለቀቀችም።

ቴትራሳይክሊን ፈትታችሁ ጨምሩበት ያለንም ሰው ነበር። እሺ አላልንም፤ ሕመሙ ሳይታወቅ የተጨመረ መድኃኒት የቀሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይፈጃቸዋል።

ምግብም ሦስት ቀን ከለከልነው፤ የዳቦው ብዛት ሆዱን ነፍቶ፣ ሚዛኑን የሚጠብቅባትን የአየር ከረጢት ሳይጫናት አልቀረም። ጊዜው ጾመ ነነዌ ነበርና ልጅቱ «ዓሣውም ከእኛ ጋር ይጾማል» ብላ ለሠፈሩ ሁሉ አወራች። ሐሙስ ዕለት የተቀቀለ አተር ልጣጩን ልጠን፣ አድቅቀን ሰጠነው። መጀመሪያ አፍንጫውን አስነክቶ ተወው፤ ወደ ማታ ግን በላ። ቅርፊቱ ሁሉ ቆሞ ሰውነቱ አብጦ ቢሆን ኖሮ ተስፋው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ያ አልደረሰበትም። በሳምንቱ ተቃንቶ ዋኘ፤ የጅራቱ ጫፍ ግን እንደ ተበላ ቀርቷል።

ጎረቤታችን በኋላ ጊዜ ሌላ ጥያቄ አመጡ፤ ይኸውም በቧንቧ በየቀኑ ውኃ በማይመጣበት ከተማ ይህን ሁሉ ውኃ መድፋት እንዴት ይሆናል የሚል ነበር። በዚህስ መልስ ነበረን፤ ከዓሣ የተቀዳ ውኃ ናይትሬት ስላለበት ለአትክልት ማዳበሪያ ነው። ጨው ያለበትን ለብቻው ደፋን፤ ጨውየው ካለቀ በኋላ ግን የሚቀዳውን ለቲማቲማቸው መስጠት ጀመርን። አሁን በሳምንት ሁለት ጊዜ ባልዲያቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ወደ ሳፋውም ጎንበስ ብለው «ሕመምተኛው እንዴት ሰነበተ?» ሳይሉ አይሄዱም።