የሰሊጥ ብር ለአሮጌ አልፋ ሮሜዮ?

በመተማ በኩል ሰሊጥ የሚነግዱ አንድ የማውቃቸው ሰው በቅርቡ ጎንደር ላይ አግኝተውኝ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ አቀረቡልኝ። ደላላ አዲስ አበባ ውስጥ በጃንሆይ ዘመን የገባች፣ ባለሁለት በር አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ጂቲ አሳይቷቸዋል።

«አንተ ልጅ፣ ኢኮኖሚ ተምረሃል። አሮጌ የስፖርት መኪና ውጭ አገር እንደ ወርቅ ነው ይሉኛል። ብሬን ባንክ ከማስቀምጥ እሷ ላይ ባውለውስ?»

«ጋሼ፣ ሊነዷት ነው ወይስ ሊያተርፉባት?»

«ሁለቱንም» አሉ። ችግሩ ያለው እዚሁ መልስ ላይ ነው።

ሰውየው ተላላ አይደሉም። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው መጠን 7 በመቶ ሆኖ ሳለ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ አይተዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲሻገርም አይተዋል። በመኪና በኩል ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ዕቃው ከውጭ ካልገባ ያለው ይወደዳል። ባለቪትዝ ሁሉ ራሱን እንደ ባለሀብት የቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ቪትዝ ፈላጊ በየሰፈሩ ሞልቷል፤ የጃንሆይ ዘመን አልፋ ፈላጊ ግን በጣት ይቆጠራል።

የውጭው ገበያ የሚከፍለው ለእርጅና አይደለም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ አንዲት የ1962 እ.ኤ.አ. ፌራሪ 250 ጂቲኦ በጨረታ 48.4 ሚሊዮን ዶላር አውጥታለች። የዚህ ዓይነት መኪና በጠቅላላው 36 ያህል ብቻ ነው የተሠራው፤ የተወዳደረችበትና ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈችበት ታሪክም በሰነድ የተያዘ ነው። ጁሊያ ጂቲ ግን በብዛት ከፋብሪካ የወጣች መኪና ናት። ዋጋ የሚያስገኝላት ሞተሯ፣ ካምቢዮዋና ወንበሯ ሳይለወጥ መቆየቱ ነው።

የእኛ አገር አያያዝ እዚህ ላይ ይጋጫል። መካኒኮቻችን ብልሆች ናቸው፤ መለዋወጫ ጠፋ ብለው መኪና አያቆሙም። የጠፋውን ዕቃ ቶርኖ ቤት ያስቀርጹታል፣ ካርቡሬተሩን ከሌላ መኪና ያመጣሉ፣ የባሰ ዕለት የቶዮታ ሞተር ይጭኑባታል። መኪናዋ ትነሳለች። ሰብሳቢ የሚከፍልበት ነገር ግን በዚያው ጋራዥ ቀርቷል። እንዳለች ትጠበቅ ከተባለ ደግሞ ጓርኒሲዮኑም ፋሻውም በውጭ ምንዛሪ ታዝዞ፣ በዘመድ ሻንጣ ነው የሚመጣው። ዋጋዋ በብር የተነገረላት መኪና ጥገናዋ በዩሮ ነው ማለት ነው።

ሰውየው ቆላ ይዘዋት ሊወርዱም አስበዋል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ መተማ 700 ሜትር ገደማ። ሁለት ካርቡሬተር ያላት ይህች መኪና ለደጋው ስስ አየር ተስተካክላ ወደ ቆላ ስትወርድ አየሩ ይበዛባትና ቤንዚኑ ያንሳታል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ይግላል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ተንኖ መንገድ ላይ ያቆማታል። ቴስታታዋ አሉሚኒየም ስለሆነ ከልክ በላይ ከጋለ ይጣመማል። በዚያ ላይ በጀሪካን የሚሸጥ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ቤንዚን አለ። ገንዳ ውኃ ላይ ለአይሱዙ የሚሆን መካኒክ አይጠፋም፤ ሁለት ካርቡሬተር አቻችሎ የሚያስተካክል ግን ከአዲስ አበባ በአበል ነው የሚወርደው።

ይህ ሁሉ ቢቻል እንኳ የወቅቱ ጉዳይ አለ። ሰሊጥ በጥቅምትና በኅዳር ሲሰበሰብ ነጋዴው ጥሬ ገንዘብ በእጁ ይፈልጋል። ለምሳሌ 2 ሚሊዮን ብር ይዞ በአንድ ዙር 4 በመቶ እያተረፈ በወቅቱ ሦስት ጊዜ ቢያዞር 240 ሺህ ብር ያገኛል። ገንዘቡ በአልፋ ላይ ከታሰረ መኪናዋ ጥገናዋን ከፍላ፣ በዚያ ላይ በዓመት 240 ሺህ ብር ካልጨመረች ከስሯል። ቸኩሎ ልሽጣት ቢል ደግሞ ኅዳር ላይ በሳምንት ውስጥ ገዥ አያገኝላትም። የሰሊጥ ኩንታል በዋለበት ቀን ይሸጣል።

ስለዚህ ለጋሼ ያልኳቸው አጭር ነው። ከወደዷት ዘንድሮ ካተረፉት ላይ እንጂ ከመነሻ ካፒታልዎ አይግዟት። ጎንደር ያቁሟት፣ እሑድ እሑድ ይንዷት፣ ወጪዋንም እንደ ሠርግ ወጪ ይቁጠሩት። ሞተሩ የራሷ መሆኑን ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክረው ሳያረጋግጡም ቀብድ አይክፈሉ። ለትርፍ ከሆነ ግን ይተዉት።

እስካሁን አልወሰኑም። ደላላው በየቀኑ እየደወለ «ሌላ ገዥ መጥቷል» ይላቸዋል። እኔም ሌላው ገዥ ከመጣ ለምን እስካሁን እንዳልገዛ ይጠይቁልኝ ብያቸዋለሁ።